የተረፈችኝ አንድ ቦታ



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለጁምዓ የሚሆን ላይመስል ይችላል። ስለ ኤርፖርት ላውንጅ ነው። አዎ፣ ያ ከመስታወት በር ጀርባ ያለው፣ ለስላሳ ወንበርና ትኩስ ምግብ የሚገኝበት፣ አብዛኞቻችን ሻንጣችንን እየጎተትን በአጠገቡ የምናልፈው ክፍል። «እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን እዚያ በር ላይ አንድ ሌሊት የሆነ ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። እሱን ልንገራችሁና አብረን እናስበው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከሥራ ጉዞ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አንድ የመሸጋገሪያ ኤርፖርት ላይ ስድስት ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረብኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ዓይኔ ቀልቷል፣ ወገቤ ተቆርጧል። የዚያን ጊዜ ሥራዬ በየወሩ የሚያስበርር ስለነበር ብዙ ለሚጓዙ ሰዎች የሚሰጠው ጎልድ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበር። ካርዱ ባለቤቱን ወደ ላውንጅ ያስገባዋል። በዚያው በረራ የሚሄድ አንድ እንግዳም ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

ከፊቴ አንድ ቤተሰብ ቆሟል። የአገሬ ልጆች ናቸው። ሰውየው እኩያዬ ይሆናል። ባለቤቱ በአንድ እጇ ህፃን አቅፋ በሌላው ቦርሳ ይዛለች፤ ሒጃቧን ለማስተካከል እንኳ የሚተርፍ እጅ የላትም። አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ደግሞ የአባቷን ሱሪ ጨብጣ ቆማ ታንቀላፋለች። ሰውየው እንደ እኔው ጎልድ ካርድ አለው። በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ካርዱን አየች፣ ሰዎቹን ቆጠረች፣ በትህትናም ነገረችው፤ እሱና አንድ ሰው ብቻ። ህፃኑ ሁለት ዓመት ስላልሞላው አይቆጠርም። ልጅቷ ግን ትቆጠራለች። ስለዚህ ወይ ሚስት፣ ወይ ልጅ።

ሰውየው አልተቆጣም። ልጅቷ ወንበር እንደማትፈልግ፣ ጭኑ ላይ እንደምትተኛ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከረ። ሠራተኛዋ እንዳዘነች ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ግን ደንቡን ያወጣችው እሷ አይደለችም፤ ብትጥሰው ደግሞ የምትጠየቀው እሷ ናት።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። የጎደላቸው የአንድ ሰው ቦታ ነው። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ፤ ያልተጠቀምኩባት አንድ የእንግዳ ቦታ አለችኝ። የምንሄደውም በአንድ አውሮፕላን ነው፤ ቦርዲንግ ፓሳቸውን አይቼዋለሁ። «ልጅቷ የእኔ እንግዳ ናት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

አላልኩም።

«ሳላስበው ነው» ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። አስቤዋለሁ። ህፃኑን አየሁና ሲያለቅስ ታየኝ። ልጅቷ ነቅታ በወንበሮቹ መሀል ስትሮጥ ታየችኝ። እንቅልፌን አሰብኩ። «ነይ እንሂድ» አላት ሰውየው ባለቤቱን፤ አራቱም ተመልሰው ወደ ውጪው አግዳሚ ወንበር ሄዱ። እኔ ካርዴን አሳየሁ፣ በሩ ተከፈተልኝ፣ ገባሁ።

ልጆች ላውንጅ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ክርክር ብዙ በሚጓዙ ሰዎች መሀል የቆየ ነው። እኔ በዚያ ሌሊት ከአንደኛው ወገን ነበርኩ፤ ስለዚህ የዚያን ወገን ሐቅ ላሳንስ አልፈልግም። ጉዞ ድካም መሆኑን ዲናችን ራሱ ያውቃል። ሙሳፊር አራት ረከዓውን ሁለት አድርጎ ይሰግዳል፤ ረመዷን ላይ ማፍጠር ይችላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ ሰውን ከምግቡም ከእንቅልፉም የሚያጎድል ስቃይ መሆኑን ነግረውናል። አሥር ሰዓት በርሮ ጠዋት ስብሰባ የሚገባ ሰው፣ ወይም አባቱን ሊቀብር የሚሄድ ሰው ለሁለት ሰዓት ጸጥታ ቢመኝ ቅንጦተኛ አይባልም።

እንዲያውም ሌላ ነገር ልጨምርለት። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ላይ እያሉ ሶሐቦች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰሙ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ እያንዳንዳቸው ጌታቸውን እያነጋገሩ መሆኑን አስታወሷቸውና በድምፃቸው እንዳይረባበሹ ነገሯቸው። አስተውሉ፤ የሚነበበው ቁርኣን ነው፤ ቦታውም መስጂድ ነው። እንዲያም ሆኖ የሌላው ሰው ጆሮ ሐቅ አለው። ስለዚህ «ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ የካርቱኑን ድምፅ እስከ ጫፍ የሚከፍት ወላጅ እኔ ጋ ጠበቃ አያገኝም።

ነገር ግን በዚያ ሌሊት ላውንጁ ውስጥ ያገኘሁትን ጸጥታ ልንገራችሁ። ከእኔ ሦስት ወንበር ርቆ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ስለ አንድ የዕቃ ጭነት ከአርባ ደቂቃ በላይ ተከራከረ። ሌላው ጫማውን አውልቆ ያንኮራፋል፤ ማንኮራፋት ስላችሁ የታክሲ ሞተር አስቡ። ማንም «ይውጡልን» አላላቸውም። እኔም አላልኩም። እንዲያውም አልተናደድኩም፤ ደክሟቸዋል አልኩ። ለሁለቱ የሰጠሁትን ዑዝር ገና አፏን ላልከፈተች ልጅ ነፍጌያት ነበር። እሷን የፈረድኩባት ገና ለገና ልታደርገው ትችላለች ባልኩት ነገር ነው።

ይህ ለእኔ የክርክሩ ቋጠሮ ነው። የምንጠላው ጫጫታን ቢሆን ኖሮ ደንቡ ስለ ጫጫታ ይሆን ነበር። ጮኸ የተባለ ሁሉ፣ ባለ ሙሉ ልብሱም ህፃኑም፣ ዝም እንዲል ይጠየቅ ነበር። በር ላይ የሚቆጠረው ግን ጫጫታ አይደለም፤ ሰው ነው።

ይህ ቆጠራ ከየት እንደመጣ ማየቱ ይጠቅማል። አሜሪካን ኤርላይንስ በኒውዮርኩ ላጓርዲያ ኤርፖርት አድሚራልስ ክለብ የተባለውን ላውንጅ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። የሚገባውም በግብዣ ነበር። ይኸው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1981 ደንበኞቹ በበረሩ ቁጥር ነጥብ የሚሰበስቡበትን መርሃ ግብር ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ዛሬ የእኛው አየር መንገድ ሼባ ማይልስ የሚለው የዚሁ ዓይነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር አሊያንስን ሲቀላቀል ጎልድ ካርድ ያለው ተጓዡ የሌሎቹን አባል አየር መንገዶች ላውንጆችም መጠቀም ቻለ። በስታር አሊያንስ ደንብ የጎልድ ባለካርድ ይዞ የሚገባው እንግዳ አንድ ነው። ሌሎቹ ሁለት ትልልቅ ጥምረቶች፣ ዋንወርልድና ስካይቲምም የሚፈቅዱት በመሠረቱ አንድ እንግዳ ነው።

ለምን አንድ? ሥርዓቱ ሲሰፋ ታስቦ የነበረው ተጓዥ ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ለሥራ ብቻውን የሚበር ሰው ነው። ለእሱ አንድ እንግዳ ትርፍ ነገር ነው፤ የሥራ ባልደረባውን ይዞ ይገባል። ያው ሰው ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ሲመጣ ግን ደንቡ ከቤተሰቡ መሀል እንዲመርጥ ያደርገዋል። ክፋት አይመስለኝም፤ ያላሰቡት ነገር ነው። ግን ያላሰቡት ነገር በሩ ላይ ሲደርስ ለሚቆመው ሰው እኩል ነው የሚከብደው።

አሁን ደግሞ አንድ የማይነሳ ጥያቄ ላንሳ። እነዚያን ነጥቦች የሰበሰበው ማነው?

ካርዱ ላይ ያለው ስም የሰውየው ነው። ነገር ግን አንድ አባት በዓመት ብዙ ጊዜ ሲበር እቤት ምን ይሆናል? ህፃኑ ሌሊት ሲያተኩሰው ብቻዋን ሐኪም ቤት የምትሮጥ ሴት አለች። ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ብቻዋን የምትገኝ እናት አለች። ዒድን በስልክ ምስል ያሳለፈች፣ «አባቢ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ያደገች ልጅ አለች። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዳዩን የፈጸመ ተጓዥ ወደ ቤተሰቡ ፈጥኖ እንዲመለስ መምከራቸው በከንቱ አይደለም፤ ጉዞ ከቤት የሚወስደው ነገር ስላለ ነው። አየር መንገዱ ለተጓዡ ታማኝነት ሽልማት ይሰጣል። የዚያን ታማኝነት ግማሽ ዋጋ የከፈሉት ግን ካርድ የላቸውም። እና በዓመት አንዴ አብረውት ሲጓዙ «እናንተ እንግዶች ናችሁ፤ ከእናንተም አንዳችሁ ብቻ» ይባላሉ። ሚስትና ልጅ እንግዳ የሚባሉበትን ቋንቋ እኔ እስካሁን አልለመድኩትም።

ነገሩን ወደ ገንዘብ የወሰዱትም አሉ። በአሜሪካ አሜሪካን ኤክስፕረስ የተባለው የክሬዲት ካርድ ድርጅት ሴንቱሪዮን የሚላቸው ላውንጆች አሉት። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ፕላቲነም የሚባለውን ካርድ የያዘ ደንበኛ በዓመት 75,000 ዶላር በካርዱ ካላወጣ በስተቀር ለሚያስገባው አዋቂ እንግዳ 50 ዶላር፣ ከ2 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 30 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ህፃን የዕድሜ ማስረጃ እየታየ በነፃ ይገባል። አንድ ልጅ ሁለተኛ ዓመቱን ባከበረ ማግሥት 30 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ሱብሃነላህ። ለድርጅቱ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ላውንጆቹ ሰው በዝቶባቸው ወረፋው ከበር ውጪ ይሰለፍ ነበር። መጣበቡ እውነተኛ ችግር ነው፤ ወንበር ከሰማይ አይወርድም። ግን ክፍል ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ማን እንዲሆን ነው የምንመርጠው?

እዚህ ላይ አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጠጥ ቀርቦላቸው ጠጡ። በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠዋል። በሱናው ተራው የቀኙ ነው። እሳቸው ለሽማግሌዎቹ ማስቀደም ፈለጉ፤ ግን አላስቀደሙም፤ ልጁን ፈቃዱን ጠየቁት። ልጁ ከእሳቸው የተረፈውን ድርሻዬን ለማንም አልሰጥም አለ። እቃውን ለልጁ ሰጡት። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ቀኝና ግራ ስናወራ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መጠየቃቸው ነው። የሚጠየቅ ሰው ሐቅ ያለው ሰው ነው። ልጅ በመሆኑ ሐቁ ግማሽ አልሆነም፤ ሽማግሌዎች ስለተቀመጡም አልተሰረዘም። እምቢ ሲል ደግሞ «ባለጌ» አልተባለም።

ላውንጅ በር ላይ የቆመችውን ልጅ ከዚህ ጋር ሳስተያያት፣ ጥያቄው «እንታገሳት ወይስ አንታገሳት» መሆኑ ይቀራል። መታገስ ችሮታ ነው። እሷ ተጓዥ ናት። ከእኔ ያነሰ አልደከመችም፤ እንዲያውም ለምን እንደደከመች እንኳ አታውቅም። ለእንቅልፍ ጸጥ ያለ ቦታ የሚያስፈልገው ሰው ይግባ ከተባለ፣ ከአምስት ዓመት ልጅ በላይ እንቅልፍ የሚያስፈልገው ማነው?

«እሺ፣ ግን ላውንጅ ራሱ የሀብታም ነገር አይደለም ወይ?» የሚል እንደሚኖር እጠብቃለሁ። ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ራሴን አታለልኩ ማለት ነው። ቦሌ የሰፋው ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2019 ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተብሎ ነበር። ሌሊት ላይ በዚያ ያለፈ ሰው የሚያየውን እናንተም አይታችኋል፤ ቦርሳዋን ተንተርሳ ወለል ላይ የተጋደመች ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ እህት፣ ከዑምራ የተመለሱ እግራቸው ያበጠ እናት፣ ህፃኗን ለማጥባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሀብታሞች ተጠርተው ድሆች የሚቀሩበትን የሠርግ ድግስ ምግብ እጅግ መጥፎ ምግብ ብለውታል። ስለዚህ የባለካርዱ ቤተሰብ ይግባ ብለን በሩን ከኋላቸው የምንዘጋ ከሆነ የተሠራው ሥራ ትንሽ ነው። የኤርፖርት የመጀመሪያ ዕዳ ካርድ ለሌለው ነው፤ ጋደም የሚያስብል ወንበር፣ ማጥቢያ ክፍል፣ ንጹህ ውሃ። ሆኖም ያኛው እስኪሠራ ይህኛው በር ላይ ያለው ግፍ ይቆይ ማለት አይደለም። ሁለቱም ላይ ያለው ልማድ አንድ ነው፤ እኔ ከገባሁ በኋላ ያለው ሰው ትርፍ ነው የሚል ልማድ።

አንድ ሌላ ነገር በቅንፍ። ብዙ ላውንጆች ውስጥ አልኮል ይቀዳል። «ልጅን እዚያ ማስገባት ምን ይባላል?» የሚል ወንድም ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ጥያቄው ለልጁ ብቻ አይደለም፤ ለአባቱም ነው። ለእኛ ሲሆን «ጥግ ይዤ ቡናዬን ብቻ እጠጣለሁ» እያልን ለልጅ ሲሆን ብቻ ዲን ትዝ አይበለን።

ያ ጀማዓ፣ ይህ ጉዳይ ከኤርፖርት የራቀ እንዳይመስላችሁ። በየመስጂዳችንስ? አንዲት እናት ልጇን ይዛ ተራዊሕ ትመጣለች። ልጁ ሶላቱ መሀል ያለቅሳል። ካሰላመትን በኋላ ስንት ዓይን ወደ እሷ ይዞራል? «ልጅ ያለው እቤቱ ይስገድ» የሚል ድምፅ ስንቴ ሰምተናል? እኔ ራሴ ብዬ ይሆናል። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አሠራር ደግሞ እናውቀዋለን። ሶላቱን ሊያስረዝሙ አስበው ይጀምራሉ። የልጅ ለቅሶ ይሰማሉ። የእናቱን ልብ ያስባሉ፣ ሶላቱን ያሳጥሩታል። ልጁ አልወጣም፣ እናቲቱ አልተወቀሰችም። የተለወጠው የኢማሙ ሶላት ነው። በዚያ መስጂድ ውስጥ ከፍተኛውን ቦታ የያዘው ሰው ነው ራሱን ያስተካከለው። እኛ ጋ ግን እንዲያስተካክል የሚጠበቀው ሁልጊዜ ከሁሉም ያነሰ አቅም ያለው ነው፤ ህፃን ያቀፈችው ሴት።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ እንደማስበው፣ ካርዱ ቤተሰብን እንደ አንድ ይቁጠር። አብረው የሚበሩ ባል፣ ሚስትና ያልደረሱ ልጆች አንድ እንግዳ ናቸው ቢባል ላውንጁ አይፈርስም፤ ቤተሰብ ይዞ የሚበር ባለካርድ በየቀኑ አይመጣም። ቦታ ያለው ደግሞ የልጆች ክፍል ይሥራ። በዶሃና በኢስታንቡል ትልልቆቹ ላውንጆች ውስጥ ለልጆች የተለየ ቦታ አለ፤ ይቻላል ማለት ነው። እዚያው ላውንጅ ውስጥ ደግሞ መኝታ ላጣ ሰው ድምፅ የማይሰማበት ጥግ ይኑር፤ እዚያ ጥግ ስፒከር የሚከፍት አዋቂም አይግባ። ወላጅም የራሱ ድርሻ አለው። ልጁ ሲረብሽ ተነስቶ ትንሽ ማንሸራሸር፣ ጆሮ ማዳመጫ መያዝ፣ የደፋውን መጥረግ፣ ጎረቤቱን «አፉ በለኝ» ማለት። ይህ አደብ ነው፤ ልጁም የሚማረው ከዚያ ነው። ልጅ ሰው መሀል መቀመጥን የሚማረው ሰው መሀል ተቀምጦ ነው እንጂ ከበር ውጪ ሆኖ አይደለም።

እናንተ ወጣቶች ይህን የምነግራችሁ ነገ በዚያ በር ግራና ቀኝ የምትቆሙት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። አንዳችሁ ካርድ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ አንዳችሁ ካርድ ትፈትሻላችሁ፣ አንዳችሁ ደንቡን በምታወጣው ቢሮ ውስጥ ትቀመጣላችሁ።

በሱረቱል ሙጃደላ በመቀማመጫዎች ውስጥ ተስፋፉ፣ ቦታ ስጡ ስትባሉ ስጡ፣ አላህም ያሰፋላችኋል የሚል መልእክት ያለው አንቀጽ አለ። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ሰዎች ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጠገብ ለመቀመጥ ከመጓጓታቸው የተነሳ ሌላ ሰው ሲመጣ ቦታቸውን አጥብቀው ይይዙ ነበር። ይህን ሳስብ የሚገርመኝ፣ የያዙት ነገር መጥፎ አለመሆኑ ነው። ለነብዩ ቅርብ መሆንን ነው የፈለጉት። ግን ለሚመጣው ሰው ጠጋ በሉ ተባሉ። ሰውን ከተቀመጠበት አስነስቶ ቦታውን መውሰድ ደግሞ በሐዲስ ተከልክሏል። እዚህ ላይ የተጠየቀው ጠጋ ማለት ነው።

የዚያን ሌሊት ነገር ልጨርስላችሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፈጅር ለመስገድ ከላውንጁ ወጣሁ። የወንዶች መስገጃው ክፍል ጠባብ ነው፤ ለአራት ለአምስት ሰው ቢበቃ ነው። በሩን ስከፍት ሰውየው እዚያ አለ። ልጅቷ ግድግዳው ጥግ በአባቷ ጃኬት ተጠቅልላ ተኝታለች። አግዳሚው ወንበር በመሀል በመሀሉ የብረት መደገፊያ ስላለው መተኛት አልቻለችም። እናትየው ከህፃኑ ጋር በሴቶቹ በኩል ናት። ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ ሱና እየሰገዱ ነው፤ ክፍሉ ሞልቷል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ውጪ ልስገድ ብዬ ልመለስ ስል አየኝ። በሌሊት በር ላይ እንዳየኝ አላውቅም፤ ካየኝም አላስታወሰኝም፣ ወይም እንዳላስታወሰ ሆነ።

ጎንበስ ብሎ ልጁን ከነጃኬቱ ቀስ አድርጎ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጋት። ሰጋጃውን ወደ ጎን አዞረው፤ ለሁለት ሰው እንዲሆን።

«ግባ ወንድሜ፣ አብሽር፣ ቦታ አለ» አለኝ።